ሞተሩ ሲጠፋ፦ የመቆም ፊዚክስ

ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን በበረራ ላይ ሳለች ሞተሯ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ ቁልቁል አትወድቅም። ለምሳሌ ሴስና 172 የተባለችው አውሮፕላን ነፋስ በሌለበት አየር አንድ ሜትር ዝቅ ባለች ቁጥር ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ፊት ትንሳፈፋለች። ስለዚህ አብራሪው የማረፊያ ቦታ የመምረጥ ጊዜ አለው። ከሞት የሚያድነውም በዚያ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚቆም ማወቁ ነው።

ሰውን የሚጎዳው ፍጥነት ራሱ ሳይሆን ፍጥነቱ በአጭር ርቀት ውስጥ መጥፋቱ ነው። እስቲ በስሌት እንመልከተው። የመቆሚያ ርቀት የሚገኘው ፍጥነትን በራሱ አባዝቶ ለፍጥነት ቅነሳው ሁለት እጥፍ በማካፈል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ አውሮፕላን የመሬት ስበትን 9 እጥፍ በሚያህል ቅነሳ ብትቆም 2.8 ሜትር ይበቃታል። በቀበቶ በሚገባ የታሰረ ሰው ይህን ቅነሳ ይቋቋመዋል። ፍጥነቷ 160 ከሆነ ግን 11.2 ሜትር ያስፈልጋታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ስታፕ እ.ኤ.አ. በ1954 በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ታስሮ፣ ከመሬት ስበት 40 እጥፍ የሚበልጥ ቅነሳ ለቅጽበት ችሎ በሕይወት ተርፏል። ያተረፈው የቀበቶው አስተሳሰር ነው።

ከዚህ ስሌት ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ፊትን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማረፍ ይገባል። በአየር ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትበር አውሮፕላን 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊቷ ቢመጣ መሬትን በ80፣ ከኋላዋ ቢመጣ በ120 ትነካለች፤ የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋም በ2.25 እጥፍ ይለያያል። ሁለተኛ፣ ቁጥቋጦና ሰብል፣ የክንፎቹም መሰባበር እንኳ ኢነርጂውን ቀስ በቀስ ስለሚወስዱ አብራሪው ለአውሮፕላኑ ሳይሳሳ የተሳፋሪዎቹን ክፍል ያድን። ሦስተኛ፣ ፍጥነትን ከልክ በላይ መቀነስም አደገኛ ነው፤ ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ካጣ አውሮፕላኗ ትከሰከሳለች። በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ወደ ተነሱበት ሜዳ ለመመለስ በድንገት መታጠፍ ብዙዎችን የቀጠፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ደጋ ይበልጥ ይከብዳል። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የአዲስ አበባ አየር ስስነት የተነሣ፣ የፍጥነት መለኪያው እንደ ባሕር ዳርቻው ተመሳሳይ ቁጥር ቢያሳይም እውነተኛው ፍጥነት በ12 በመቶ ያህል፣ ኢነርጂው ደግሞ በ25 በመቶ ያህል ይበልጣል።

መሬት ከመንካት በፊት ቀበቶን ማጥበቅ፣ ነዳጅን መዝጋት፣ መውጫው እንዳይጣበቅ በሩን ገርበብ ማድረግ ይገባል። ይህ ሁሉ በጭንቅ ሰዓት የሚታወሰው አስቀድሞ በመሬት ላይ ከተለማመዱት ብቻ ነው።

መልመጃ፦ መሬትን በ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የነካች አውሮፕላን በ9 እጥፍ ቅነሳ ለመቆም ስንት ሜትር ያስፈልጋታል?