ስክሪኑ ጠፍቶ ማጫወቻው ሲቆጥር፦ የዲጂታል ቢልቦርድ መረብ አያያዝ

ማስታወቂያ አስነጋሪ የሚከፍለው ማስታወቂያው በአደባባይ ለሚታይባቸው ሰከንዶች ነው። አንድ ስክሪን ብቻ ያለው ባለቤት እነዚያን ሰከንዶች ከቢሮው መስኮት ሆኖ ሊጠብቃቸው ይችላል። ስክሪኖቹ አንዱ መገናኛ፣ አንዱ ሜክሲኮ፣ ሌላው ሐዋሳ ሲሆኑ ግን የትኛው እንደጠፋ፣ የትኛው ጊዜው ያለፈበትን ማስታወቂያ እየደጋገመ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው በመኪና ሲያልፍ ያየው ደንበኛ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ለሚፈልግ ባለሙያ የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ መዝገብ ይክፈቱ። እያንዳንዱ ስክሪን አንድ ገጽ ይኑረው፦ ቦታው፣ ፊቱ የዞረበት አቅጣጫ፣ ስፋቱና ቁመቱ በሜትርም በፒክስልም፣ የማጫወቻው (ማስታወቂያውን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ኮምፒውተር) መለያ ቁጥር፣ የሲም ካርዱ ቁጥር፣ የመብራት ቆጣሪው ቁጥር፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን። የጀርባውን የኬብል አገጣጠም ፎቶ አንስተው አብረው ያስቀምጡ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወደ ጥበቃው ደውለው “ጋሼ፣ ከላይ ሦስተኛዋን ሰማያዊ ገመድ ነቅለው መልሰው ይሰኩልኝ” ማለት የሚችሉት ያ ፎቶ እጅዎ ላይ ካለ ነው።

የፒክስሉን ቁጥር አይዝለሉት። ፒ10 በሚባለው ስክሪን በሁለት ፒክስሎች መካከል ያለው ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 6 በ3 ሜትር የሆነ ትልቅ ስክሪን የሚይዘው 600 በ300 ፒክስል ብቻ ነው። ንድፍ ሠሪው ይህን ካላወቀ በኮምፒውተሩ ላይ ያማረለት ሥራ መንገድ ላይ ሲወጣ ይደበዝዛል። በፊደላችን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሉን ከሊ፣ ቡን ከቢ የምትለየው ትንሽ ጭረት ስትሆን፣ ጽሑፉ ሲያንስ ጭረቷ ከአንድ ፒክስል በታች ወርዳ ትጠፋለች። ፊደሉ ቢያንስ 30 ፒክስል ቁመት ይኑረው፤ ወፍራም ይሁን፤ መልእክቱም ከስድስት ሰባት ቃል አይለፍ። ጽሑፉ በምስሉ ወይም በቪዲዮው ውስጥ ተሠርቶ ይምጣ እንጂ ለብቻው አይላክ፤ የግዕዝ ፎንት ያልተጫነበት ማጫወቻ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል።

ቀጥሎ ማስታወቂያዎቹ የሚደጋገሙበትን ዙር ይሥሩ። ለመንገድ ዳር ስክሪን የ60 ሰከንድ ዙር በስድስት የ10 ሰከንድ ቦታዎች መከፈሉ ለስሌት ይመቻል። ስክሪኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሠራ 16 ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ ማስታወቂያ በቀን 960 ጊዜ ይታያል ማለት ነው። ከስድስቱ አምስቱን ብቻ እንዲሸጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ስድስተኛው ቦታ የማካካሻ መጠባበቂያ ነው፤ ጥቅሙ ከታች ግልጽ ይሆናል።

ቀንና ሰዓትን ማስማማት ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚያየው ሥራ ነው። ውሉ “ከመስከረም 1 ጀምሮ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት” ይላል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የሚያውቀው ጎርጎርዮሳዊውን ቀንና ከ18፡00 እስከ 22፡00ን ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ግን አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይገባል፣ የአንድ ቀኑ ልዩነትም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። የ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2020ም እንደዚሁ ይሆናል። ያለፈውን ዓመት የበዓል ፕሮግራም ገልብጦ የሚጭን ሰው በእነዚህ ዓመታት የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቱን አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀምራል፣ በዋናው ቀንም ያወርደዋል። ስለዚህ በውሉ ላይ ሁለቱን የቀን አቆጣጠሮችና የ24 ሰዓቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን አስፍረው ያስፈርሙ። ማጫወቻዎቹም ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክሉ ያድርጉ። እንደ ራስፕበሪ ፓይ 4 ያሉ ርካሽ ማጫወቻዎች ባትሪ ያለው ሰዓት በውስጣቸው ስለሌለ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኔትወርክ ከሌለ ሰዓቱን ይስታሉ፤ ባትሪ ያለው ተጨማሪ የሰዓት ሞጁል ይግጠሙላቸው።

ሶፍትዌር ሲመርጡ በጣም የሚያስፈልገው ነገር ማስታወቂያዎቹ አስቀድመው ወደ ማጫወቻው ወርደው መቀመጣቸው ነው። ዚቦ የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንዲህ ይሠራል፤ ኔትወርክ ቢቋረጥም ማጫወቻው የወረደለትን ፕሮግራም ይቀጥላል። ቪዲዮ በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚያጫውት አሠራር ለእኛ ከተሞች አይሆንም።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። ዩፒኤስ ለማጫወቻው፣ ለራውተሩና ለኮንትሮለሩ ይበቃል፤ ስክሪኑ ግን ብዙ ኃይል ስለሚበላ ጄነሬተር ከሌለው ይጠፋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ማጫወቻው በዩፒኤስ እየሠራ ስለሆነ ማስታወቂያውን “አጫወትኩ” እያለ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስክሪኑ ሦስት ሰዓት ጨልሞ ቢቆይ የማጫወቻው መዝገብ ስለ እያንዳንዱ ማስታወቂያ 180 ያልታዩ ዙሮችን እንደታዩ አድርጎ ይመሰክራል። ይህን መዝገብ ለደንበኛ ማቅረብ፣ ሳያውቁት ቢሆንም፣ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ነው። ደንበኛው በዚያ ሰዓት አልፎ ጨለማውን ካየ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምንም ቁጥር አያምንዎትም።

መፍትሔው ከማጫወቻው የተለየ ምስክር ማቆም ነው። አንደኛ፣ ከስክሪኑ የኃይል መስመር ላይ መብራት መኖር አለመኖሩን የሚመዘግብ መሣሪያ ይግጠሙ። ሁለተኛ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ ወይም ምሰሶ ላይ ባለቤቱን አስፈቅደው ትንሽ ካሜራ ይስቀሉ፤ በየአምስት ደቂቃው አንድ ፎቶ ብትልክ ይበቃል። የካሜራዋ ዓይን በስክሪኑ ላይ ብቻ ይሁን፤ የመንገደኛውን ፊት መቅረጽ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሁለቱን መዝገቦች በየማታው አስተያይተው ስክሪኑ በጠፋበት ሰዓት የተቆጠሩትን ዙሮች ከማጫወቻው ቁጥር ላይ ይቀንሱ። አሁን መጠባበቂያው ቦታ ይጠቅማል፦ አምስቱ ደንበኞች እያንዳንዳቸው 180 ካጡ ድምሩ 900 ነው፣ ባዶው ቦታ ደግሞ በአንድ ቀን 960 ይሰጣል። የሦስት ሰዓቱ ዕዳ በማግስቱ ይከፈላል።

የብርሃኑ መጠን የሕዝብ ጉዳይ ነው። በቀን ፀሐይን ለማሸነፍ 5,000 ኒት እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ያው ብርሃን በማታ የአሽከርካሪውን ዓይን ያጭበረብራል። ማታ ወደ 300 ኒት ገደማ ያውርዱት። በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለምትጠልቅ በሰዓት ብቻ ማስያዝ ይቻላል፤ በክረምት ቀኑ ሲጨልም ግን የብርሃን ሴንሰር የተሻለ ነው። ብርሃኑ ሲወርድ የመብራት ሂሳብም ይቀንሳል። ብልጭ ድርግም የሚል ማስታወቂያ መንገድ ዳር አይቀበሉ፣ ደንበኛው ቢቀየምም።

ማንኛውም ፋይል ከመውጣቱ በፊት የጫነው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው አይቶ ያጽድቀው። አጽዳቂው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን ያንብብ፤ የትምባሆ ማስታወቂያን የሚከለክለውንና በአልኮል መጠጥ ላይ ገደብ የጣለውን አዋጅ ቁጥር 1112/2011ንም እንዲሁ። ከይለፍ ቃል ጋር ቁልፍም ይጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃካርታ ውስጥ አንድ የመንገድ ስክሪን በቀን ብርሃን የወሲብ ፊልም አሳይቷል፤ ተጠርጣሪው የመግቢያውን መረጃ ያገኘው በራሱ በስክሪኑ ላይ ወጥቶ አይቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሚሺጋን ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ደግሞ ሰዎች የቢልቦርዱ ኮምፒውተር ያለበትን ክፍል ሰብረው ገብተው ነበር። የማጫወቻው የርቀት መቆጣጠሪያ መስኮት ስክሪኑ ላይ በጭራሽ እንዳይወጣ ያድርጉ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ ይስጡ፣ ሥራ ሲለቅ በዕለቱ ይዝጉት። ስክሪኑን ከስልክ ወዲያውኑ የሚያጠፋ ትእዛዝም ቢያንስ ሁለት ሰው እጅ ላይ ይኑር።

መለዋወጫ ሞጁሎችን ስክሪኑን ሲገዙ አብረው ከአንድ ምርት ይግዙ፤ በኋላ የሚመጣው ቀለሙ ስለሚለይ ጥገናው እንደ ጠቃጠቆ ይታያል። ከክረምት በፊት የካቢኔቱን ጎማና የመሬት ሽቦውን፣ በበጋ ደግሞ አቧራ የሚይዙትን የአየር ማራገቢያዎች ያስፈትሹ።

በየወሩ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ሪፖርት ይላኩ፦ ውል የተገባው ብዛት፣ በትክክል የታየው፣ በመብራትና በብልሽት የተቀነሰው፣ በማካካሻ የተመለሰው፣ ከካሜራው የተወሰዱ ጥቂት ፎቶዎች። የተቀነሰው ቁጥር ደንበኛው ሳይጠይቅ ከላይ ይቀመጥ። ማካካሻው ካልበቃ ቀሪውን ከሚቀጥለው ወር ሂሳብ ላይ ይቀንሱለት፣ መዝገቦቹንም ክፍያው ተጠናቅቆ እስኪዘጋ ድረስ አያጥፏቸው።