የቮልስ ቫልቭ ዝም ሲል

የቮልስዋገን 1300 ሞተር ሮከርና ፑሽሮድ በቤት ሲቀየር፣ ብዙ ሰው ቫልቩ ቲክ ቲክ ማለቱን እስኪተው ድረስ ብሎኑን ያጠብቃል። እኛ ግን የምንፈራው ዝምታውን ነው፤ ጩኸቱስ ጆሮ ያሰለቻል እንጂ ሞተር ቶሎ አይገድልም። ክፍተት ያጣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ከመቀመጫው ላይ በደንብ አይገጥምም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በዚያው በመቀመጫው በኩል ስለሆነ ይቃጠላል፤ ከባሰም ተሰብሮ ፒስቶኑን ይበሳዋል።

ስለዚህ ሞተሩ አድሮ ይቀዝቅዝ። የቁጥር 1 ፒስቶን ጭመቃውን ጨርሶ ጫፍ ሲደርስ ሁለቱም ቫልቮቹ ዝግ ናቸው፤ ያኔ የ0.15 ሚሊ ሜትር መለኪያ ምላስ ትንሽ ያዝ እያደረገው ይለፍ። ፑሌጃውን ወደ ግራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞርን በ2፣ በ3፣ በ4 እንደግመዋለን። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር፣ እንደገና እንለካ።