ከጡት በስተጀርባ ያለው ዕጢ፦ የደረት ግድግዳ ዕጢዎች በፊዚክስ ዓይን

አንዲት ሴት ደረቷ ላይ ጠጣር ዕብጠት በዳሰሰች ጊዜ በቅድሚያ ወደ አእምሮዋ የሚመጣው የጡት ካንሰር ነው። ሥጋቷ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጡት ያረፈበት የደረት ግድግዳ ራሱን የቻለ መዋቅር ነው፤ 12 ጥንድ የጎድን አጥንቶች፣ የፍርምባ አጥንት፣ እነዚህን የሚያገናኝ ልም አጥንት፣ እንዲሁም ጡንቻ፣ ስብና ነርቮች ይገኙበታል። ከእያንዳንዳቸው ዕጢ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ዕብጠቱ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ንብርብር ላይ እንደሚገኝም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከግድግዳው ከሚነሡት ዕጢዎች መካከል ሊፖማ የተባለው የስብ ዕጢ ካንሰር አይደለም። ከልም አጥንት የሚነሣው ኮንድሮሳርኮማ ግን ካንሰር ነው። በሴቶች ላይ በርከት ብሎ የሚታየው ዴዝሞይድ በሁለቱ መካከል ያለ ነው ለማለት እንደፍራለን፤ ወደ ሌላ አካል አይሠራጭም፣ ነገር ግን ዙሪያውን ሰርስሮ ይገባል፤ ተቆርጦ ከወጣ በኋላም ሊመለስ ይችላል። ሌሎች ደግሞ ከጡት ወይም ከሳንባ ካንሰር ወደ ግድግዳው የዘለቁ ናቸው።

ማሞግራፊ፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ጡትን ወደ ፊት ስቦ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል በመጫን የሚነሣ ምስል ነው። የጎድን አጥንቶቹና በመካከላቸው ያሉት ጡንቻዎች ከምስሉ ውጭ ይቀራሉ። እንግዲህ «ማሞግራፊው ምንም አላሳየም» ማለት «ዕጢ የለም» ማለት አይደለም። የሚዳሰስ ዕብጠት ካለ ምርመራው መቀጠል ይኖርበታል።

አልትራሳውንድ ግን እስከ ግድግዳው ይዘልቃል። ድምፅ በለስላሳ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የጎድን አጥንቱ በ3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን፣ ሞገዱ ደርሶ መልስ 6 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የገደል ማሚቶውም በ39 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይመለሳል። አንባቢ ራሱ አካፍሎ ሊያረጋግጥ ይችላል። በስብና በጡንቻ ወሰን ላይ ተንጸባርቆ የሚመለሰው የሞገዱ ኃይል 1 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በጡንቻና በአጥንት ወሰን ላይ ግን 40 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ከቀሪውም አብዛኛውን አጥንቱ ይመጠዋል። በዚህ ምክንያት ከአጥንቱ በስተጀርባ ጥቁር ጥላ ይፈጠራል። መሣሪያው ዕብጠቱ ከጡንቻው ፊት ወይም ኋላ መሆኑን ሲያሳይ፣ በጥላው ውስጥ የተሸሸገውን ግን ሊነግረን አይችልም።

መሣሪያ ከመነሣቱ በፊትም የሐኪም እጅ ቀላል የሜካኒክስ ሙከራ ያደርጋል። ታካሚዋ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትጫን የደረቷ ጡንቻ ይወጠራል። ቀድሞ ይንቀሳቀስ የነበረው ዕብጠት ያን ጊዜ ከቆመ ከጡንቻው ጋር ተጣብቋል ማለት ነው፤ ጡንቻው ሲላላም ሲወጠርም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን መያዣው ግድግዳው ራሱ እንደሆነ ይጠረጠራል።

ጥላው የሸሸገውን የሚገልጠው ሲቲ ስካን ነው። በሃውንስፊልድ መለኪያ ውኃ 0፣ ስብ -100 ገደማ፣ ጡንቻ +50 ገደማ ሲሆኑ ጠንካራ አጥንት ከ+1000 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሊፖማ በቁጥሩ ይታወቃል፤ የተበላ የጎድን አጥንትም በግልጽ ይታያል። ዕጢው በጡንቻና በነርቭ መካከል ምን ያህል እንደዘለቀ ለማየት ደግሞ ኤም አር አይ ይመረጣል።

ምስል የዕጢውን ሥፍራ ቢያሳይም ዓይነቱን በአብዛኛው የሚወስነው በመርፌ የተወሰደ ናሙና ነው። ሳርኮማ ከተጠረጠረ መርፌው የሚገባበት መንገድ አስቀድሞ ከቀዶ ሕክምና ባለሙያው ጋር ይመከርበታል፤ መርፌው ያለፈበት ሥጋ ኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ ሊወጣ ይችላልና።