ለሟች የሚተርፈው



ወዳጅ ሲሞት ማልቀስ አልተከለከለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል። ጥያቄው ከእንባው በኋላ ለሟቹ ምን እናደርግለታለን የሚለው ነው።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ እንደሚያስተምረን፣ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ሦስት ነገሮች ግን ይቀጥሉለታል፦ ሶደቀቱል ጃሪያ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ።

ሆሞሻ ይኖሩ የነበሩት አያቴ (አላህ ይዘንላቸው) ከማንጎ ዛፎቻቸው አንዱን፣ መንገድ ዳር ያለውን፣ ለመንገደኛ ተናዘዋል። በአካባቢው ማንጎ ገንዘብ ነውና ንብረቱ ሲከፋፈል ከእኛ ከወራሾቹ አንዳንዱ ዛፉም ይካተት አለ። ቁርኣን ግን ዕዳንና ኑዛዜን ከውርስ ያስቀድማል (አን-ኒሳእ 4፡11)። ኑዛዜው ለወራሽ ካልሆነና ከንብረቱ ሢሶ ካላለፈ ሊፈጸም ግድ ነው። ዛፉ ለመንገደኛ ተተወ። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሟቾቻችንን በወሬ ብቻ አናስታውስ። ዕዳቸውን እንክፈል፣ ኑዛዜያቸውን እንጠብቅ፣ ዱዓ እናድርግላቸው። እኛም በሕይወት ሳለን ለኋላችን እንትከል።

ወላሁ አዕለም።