ለጉልበት የመጣ ሰው

የአምባሰልን ዳገት ሲወጡ የሚደክመው ሳንባ ነው፤ ሲወርዱ ግን ሥራው የጉልበት ነው፤ ጀርባ ላይ 20 ሊትር ጄሪካን ካለማ ይብሳል። ስግደቱም ሱጁዱም በዚሁ ጉልበት ላይ ነው። ለዚህ ነው ከሐይቅም ከአምባሰልም ለተመላላሽ ፊዚዮቴራፒ የሚመጣ ብዙ ሰው «ሕመሙን ብቻ አንሱልኝ» የሚለው። ፊዚዮቴራፒ ግን ያልመጣውን በሽታም ይከላከላል።

«ሃይማኖት ሥጋን ማድከም አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ የዋዛ ጥያቄም አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካስተማሯቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ገድላቸውም ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው እንደተሰበረ ይተርካል። ያ ግን የጻድቁ ተጋድሎ ነው እንጂ ለአራሹና ለወላዷ የተደነገገ ሥርዓት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙንም ስግደቱንም ታቀልላለች፤ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው። በእስልምናም መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል። በሁለቱም ዘንድ ሥጋ የፈጣሪ አደራ ነው።

አደራው እንዴት ይጠበቅ? ከከዘራው እንጀምር። ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው ብዙ ሰው ከዘራውን በቀኝ እጁ ይይዛል። በግራው ይያዝ፤ የታመመው እግር ሲራመድ ከዘራው አብሮ ይውጣ፤ ያኔ ሸክሙ ይቀልለታል። ሽማግሌዎቻችን «ከዘራ መያዝ ልታስተምረኝ ነው?» ይሉ ይሆናል፤ እስቲ ይሞክሩት።

ቀጥሎ ጭን ይጠንክር። ከፍ ካለ ወንበር ላይ እጅን ሳይደገፉ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ አሥር ጊዜ፣ አረፍ ብሎም እንደገና። ጡንቻው ቢዝል ደግ ነው፤ ጉልበቱ ካበጠ ወይም በማግስቱ ሕመሙ ከባሰ ግን ቁጥሩ ይቀነስ። ስግደትም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ጉልበት በስቅለት ዕለት በአንዴ ሲሰግድ ቢውል ይጎዳል፤ ጤና ያለው ሰው ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ትንሽ በትንሽ ያለማምደው።

ከጉልበት አልፎ ያልመጣውን በሽታ ለመከላከልም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የአምባሰል ገበሬ ይህን በአንድ የገበያ ቀን ይጨርሰዋል፤ ምክሩ የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውለው ከተሜ ነው።

ለጉልበት መጥታችሁ ባለሙያው የደም ግፊት ቢለካችሁ አትደነቁ። ግፊት ሳያሳምም ይኖራል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው፤ ችላ ከተባለ ስትሮክ አምጥቶ ግማሽ አካልን ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደዚያው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ለወራት መመላለስ ይመጣል።

ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስሉ ላይሰማው ይችላል። ማታ ማታ ጫማውን አውልቆ የውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መሐል ይመልከት፤ ዓይኑ የደከመ ለልጁ ያሳይ። ቁስል፣ መቅላት ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ካለ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይሂድ።