ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ የቁርጥ ቀን ደጋፊ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ የምንባቡን ዋና ሐሳብ በራሳቸው አነጋገር ይገልጻሉ፤ ተቃራኒ ሐሳቦችን የሚያያይዙ መስተጻምሮችን ለይተው በትክክል ይጠቀማሉ፤ የሌላውን ሰው አስተያየት ሳይንቁ የራሳቸውን አቋም የሚያስረዱበት አጭር ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

1. በአገራችን «የቁርጥ ቀን ልጅ» የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?
2. አንድ ሰው የሚደግፈው ቡድን በተደጋጋሚ ቢሸነፍ ድጋፉን ማቆም ይገባዋልን? ምክንያታችሁን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

ለ. ምንባብ

(በምንባቡ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ አገር የቅርጫት ኳስ ጨዋታ የሚወደደው በባለሙያ ክለቦች ዘንድ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆችም የየራሳቸው ቡድን አላቸው። ቡድኑን የሚደግፉት በትምህርት ላይ ያሉት ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት ተመርቀው የወጡት፣ የከተማው ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በዚያ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ እንኳ አልፈው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የኮሌጅ ቡድን ደጋፊ ፍቅር ከሌላው የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ስለሆኑ በአንድ ቡድን ውስጥ የሚቈዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ዛሬ ስሙ እየተጠራ የሚጨበጨብለት ወጣት በሚቀጥለው ዓመት ይመረቃል፣ ወይም ወደ ባለሙያ ክለብ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። ስለዚህ ደጋፊው ልቡን የሚያሳርፈው መጥቶ በሚሄደው ተጫዋች ላይ ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፈው ማሊያ ላይ ነው።

ቨርጂኒያ በተባለው ግዛት፣ በሻርለትስቪል ከተማ፣ በ1819 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አለ። መሥራቹ የአሜሪካ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት የነበሩት ቶማስ ጀፈርሰን ናቸው። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደጋፊዎች ትዕግሥትን የተማሩት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ነው። በ1980ዎቹ መባቻ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ራልፍ ሳምፕሰን የተባለ ድንቅ ተጫዋች ነበራቸው። ሆኖም በዲሴምበር 1982 በአገሪቱ አንደኛ ተብሎ ይቈጠር የነበረው ቡድናቸው በሃዋይ ቻሚናድ ከተባለ ትንሽ ኮሌጅ ጋር ተጫውቶ 77 ለ72 ተሸነፈ። ሳምፕሰንም የአገሪቱን ዋንጫ ሳያነሣ ትምህርቱን ጨርሶ ወጣ።

ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ በ2018፣ ዋንጫው የቀረበ መሰለ። ቶኒ ቤኔት የተባሉት አሠልጣኝ ቡድኑን ከሁሉ አስቀድሞ መከላከልን አስተምረውት ስለ ነበር ቨርጂኒያ ላይ ብዙ ነጥብ ማስቈጠር እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ቡድኑ 31 ጊዜ አሸንፎና ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ወደ ብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድር ገባ። በዚህ ውድድር ቡድኖቹ በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ በየምድቡም ከ1 እስከ 16 የሚደርስ ደረጃ ይሰጣቸዋል። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለቨርጂኒያ አንደኛ ደረጃ ሲሰጠው፣ የመጀመሪያ ተጋጣሚው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ቡድን ዐሥራ ስድስተኛ ነበር። ከ1985 ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ በወንዶች ውድድር አንደኞቹና ዐሥራ ስድስተኞቹ 135 ጊዜ ተገናኝተው 135ቱንም ጊዜ ያሸነፉት አንደኞቹ ነበሩ።

ማርች 16 ቀን 2018 በሻርሎት ከተማ የተደረገው ጨዋታ ግን ይህን ታሪክ ለወጠው። የመጀመሪያው አጋማሽ 21 ለ21 ተፈጸመ። በሁለተኛው አጋማሽ ባልቲሞሮቹ 53 ነጥብ አስቈጠሩ፤ ጄይረስ ላይልስ የተባለው ተጫዋች ብቻውን በጨዋታው 28 ነጥብ አገባ። ጨዋታው 74 ለ54 ሲያልቅ፣ ቨርጂኒያ በወንዶች ውድድር በዐሥራ ስድስተኛ የተሸነፈ የመጀመሪያው አንደኛ ሆነ። ዋነኛ ተጫዋቹ ዲአንድሬ ሃንተር የእጁ አንጓ ተሰብሮ በጨዋታው አልተሰለፈም ነበር፤ አሠልጣኙ ግን በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ምክንያት ከመደርደር ይልቅ ተጋጣሚያቸው በልጦ መጫወቱን አመኑ።

የደጋፊው ቁርጥ ቀን የጀመረው ያን ዕለት ነው። ቡድኑ በመላ አገሪቱ መሳለቂያ ሆነ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ካይል ጋይ ጭንቀት ይዞት እንደ ነበር ኋላ ራሱ በግልጽ ጽፏል። ደጋፊ ነን ከሚሉት መካከል በቍጣ ተነሣሥተው ተጫዋቹን የሚሰድቡ በየትኛውም አገር አይጠፉም፤ ነገር ግን የሃያ ዓመት ተማሪን ስለ አንድ ጨዋታ ማዋረድ ከድጋፍ አይቈጠርም። እውነተኛው ደጋፊ ሽንፈቱን እንደ ራሱ ሽንፈት ተቀበለ፤ አዘነ፤ ማሊያውን ግን አላወለቀም። ካይል ጋይም ያን ሽንፈት መርሳት አልፈለገም፤ ተጋጣሚዎቹ ሲጨፍሩ እርሱ አጎንብሶ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ዘወትር እንዲያየው በስልኩ ላይ አኖረው።

በ2019 ቨርጂኒያ እንደገና አንደኛ ደረጃ ተሰጥቶት ወደ ውድድሩ ገባ። የመጀመሪያ ተጋጣሚው እንደገና ዐሥራ ስድስተኛ ነበር፤ ጋርድነር ዌብ የተባለው ይህ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ በ14 ነጥብ መራ። በዚያች ሰዓት የደጋፊውን ልብ ምን ያህል ፍርሃት እንደ ያዘው መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ቨርጂኒያ ተመልሶ 71 ለ56 አሸነፈ። ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ጨዋታ፣ ከጊኒ የመጣው ማማዲ ዲያኪቴ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በወረወራት ኳስ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆኑ፤ ቨርጂኒያም በተጨማሪው ሰዓት 80 ለ75 ረታ። በግማሽ ፍጻሜው ከኦበርን ጋር ሲጫወት 62 ለ60 እየተመራ ሳለ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ በቀረው ጊዜ ሦስት የቅጣት ውርወራ ተፈቀደለት። ወርዋሪው ያ ጭንቀት ይዞት የነበረው ካይል ጋይ ነበር። ሦስቱንም አገባ። ኤፕሪል 8 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሃንተር 27 ነጥብ ባስቈጠረበት የፍጻሜ ጨዋታ፣ ቨርጂኒያ ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ77 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ዋንጫ አነሣ።

በዚያ ሌሊት የቨርጂኒያ ደጋፊ ነኝ የሚለው ሰው ብዛት እጅግ ጨመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በድል ቀን ደጋፊ አይጠፋምና። የዋንጫውን ጣዕም ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ግን ያን ያለፈውን ዓመት ማሊያውን ለብሶ ያሳለፈው ነው። ዋንጫው ባይመጣስ ኖሮ ድጋፉ ከንቱ ይሆን ነበርን? አይሆንም። በ2018 ከቡድኑ ጋር የቈየው ሰው በ2019 የሚሆነውን አያውቅም ነበር። ታማኝነቱንም ታማኝነት ያሰኘው ይኸው ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ቁርጥ ቀን፦ ወዳጅና ጠላት የሚለይበት የችግር ቀን
መባቻ፦ መጀመሪያ፣ መግቢያ
ጥሎ ማለፍ፦ የተሸነፈው የሚወጣበት፣ ያሸነፈው የሚቀጥልበት የውድድር ዓይነት
ምክንያት መደርደር፦ ጥፋትን ላለማመን ሰበብ ማብዛት
መሳለቂያ፦ መዘበቻ፣ መቀለጃ
ረታ፦ አሸነፈ

መ. የሰዋስው ትምህርት፦ ተቃራኒ ሐሳብን የሚያያይዙ መስተጻምሮች

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ቡድኑ ስላሸነፈ ደገፈው።
2. ቡድኑ ቢሸነፍም ደገፈው።

በአንደኛው ዐረፍተ ነገር «ስለ» የተባለው ቃል የድጋፉን ምክንያት ያሳያል። ምክንያቱ ሲቀር ድጋፉም ይቀራል። በሁለተኛው ግን «ቢ» እና «ም» ግሡን ከፊትና ከኋላ ይዘው፣ የተጠበቀው ነገር አለመሆኑን ያመለክታሉ። ሽንፈት ድጋፍን ያስቀራል ተብሎ ሲጠበቅ ድጋፉ ጸንቶ ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ም» የተባለችው ፊደል ያላትን ኀይል አስተውሉ። «ቡድኑ ቢሸነፍ ይተወዋል» ብንል ሽንፈቱ ለመተው ቅድመ ሁኔታ ይሆናል። «ቡድኑ ቢሸነፍም አይተወውም» ብንል ግን ሽንፈቱ ምንም እንደማይለውጥ እንናገራለን።

«ምንም እንኳ» የሚለው ሐረግ ሲጨመር ተቃርኖው ይበልጥ ይጐላል፦ ምንም እንኳ ዋናው ተጫዋች ባይሰለፍም አሠልጣኙ ምክንያት አልደረደሩም።

«ነገር ግን»፣ «ሆኖም» እና «ይሁን እንጂ» የሚባሉት ደግሞ እያንዳንዳቸው በራሳቸው የቆሙ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ያያይዛሉ፦ ጋርድነር ዌብ በ14 ነጥብ መራ። ይሁን እንጂ ቨርጂኒያ አሸነፈ።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን መንገዶች መደራረብ ስሕተት ነው። «ምንም እንኳ ቢሸነፍም ነገር ግን ደገፈው» አይባልም፤ «ምንም እንኳ ቢሸነፍም ደገፈው» ወይም «ተሸነፈ፤ ነገር ግን ደገፈው» ይባላል።

የሐሳብ ክብደት፦ በአማርኛ የዐረፍተ ነገሩ ፍርድ የሚያርፈው በመጨረሻ በሚገኘው ማሠሪያ አንቀጽ ላይ ነው። ስለዚህ የሁለት ሐሳቦች ቦታ ሲለዋወጥ ፍርዱም ይለወጣል።

ቡድኑ በርትቶ ቢጫወትም ተሸንፏል።
ቡድኑ ቢሸነፍም በርትቶ ተጫውቷል።

ነገሩ አንድ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ግን ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ውጤቱን፣ ሁለተኛው ጥረቱን ያከብራል።

ሠ. የድርሰት ትምህርት፦ የተቃዋሚን ሐሳብ ማስተናገድ

አንድን አቋም የሚደግፍ ድርሰት ስንጽፍ ተቃራኒውን ሐሳብ እንዳልሰማን ሆነን ማለፍ አይገባንም። በመጀመሪያ የተቃዋሚውን ሐሳብ በትክክል እናቀርባለን፤ ቀጥሎም እውነት ያለበትን እናምናለን፤ በመጨረሻም የራሳችንን ሐሳብ በማሠሪያው ላይ እናሳርፋለን። የሚከተለው አንቀጽ ምሳሌ ይሆናችኋል።

«ቡድን መደገፍ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ደጋፊው ኳሱን አይነካም፤ ቢጮኽም ቢያለቅስም በውጤቱ ላይ ሥልጣን የለውም። ትምህርቱን ትቶ ቀኑን ሁሉ ስለ ጨዋታ የሚያወራ ተማሪ መኖሩም አይካድም። ይሁን እንጂ ሰው ሥልጣን በሌለው ነገር ላይ ልቡን ማዋሉ ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። በቡድኑ ሽንፈት ሳይሸሽ የቈየ ሰው፣ በወዳጁ ኀዘንም ጊዜ መቈየትን ተለማምዷል።»

ረ. መልመጃ

አንደኛ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. የኮሌጅ ቡድን ደጋፊ ልቡን በተጫዋች ላይ የማያሳርፈው ለምንድን ነው?
2. የ2018ቱ ሽንፈት ከሌሎች ሽንፈቶች የሚለየው በምንድን ነው?
3. ጸሐፊው ከድጋፍ የማይቈጥረው የትኛውን ተግባር ነው? እናንተስ ትስማማላችሁን?
4. ካይል ጋይ የሽንፈቱን ፎቶግራፍ ያኖረበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

ሁለተኛ፦ የሚከተሉትን ጥንድ ሐሳቦች በመጀመሪያ በ«ቢ…ም»፣ ቀጥሎም በ«ይሁን እንጂ» አያይዟቸው።

1. ዝናቡ በረታ። ተመልካቹ ከሜዳው አልወጣም።
2. ቡድኑ ዋንጫ አላገኘም። ደጋፊዎቹ በጭብጨባ ተቀበሉት።
3. ተማሪዋ በፈተናው ዝቅተኛ ውጤት አገኘች። ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ሦስተኛ፦ በ2023 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አንደኛ ደረጃ ተሰጥቶት ሳለ ፌርሌይ ዲኪንሰን በተባለ ዐሥራ ስድስተኛ ቡድን 63 ለ58 ተሸነፈ። በ2024 እስከ ፍጻሜው ቢደርስም በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ 75 ለ60 ተሸንፎ ዋንጫውን አጣ። «የፐርዱ ደጋፊ የጠበቀው ከንቱ ነውን?» በሚል ርእስ ከሁለት መቶ ቃላት የማያንስ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ከዚህ በላይ ከተማራችኋቸው መስተጻምሮች ቢያንስ ሦስቱን ተጠቀሙ፤ የተቃዋሚያችሁንም ሐሳብ በትክክል ሳታቀርቡ ወደ ፍርዳችሁ አትለፉ።