ባሕር የሌለን ልጆች ስለ ዓሣ ማጥመድ ምን እናውቃለን?

በቅርቡ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን ስናጠና አንዲት እኅታችን፥ «ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም ያደረው ስለ ምንድር ነው? ቀን አይጠመድም ወይ?» ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ። የዋግ ደጋ ልጆች ነን፤ ስለ ገብስና ስለ ፍየል ብንጠየቅ ባላፈርን ነበር። ባሕር ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችንም የላትም፤ ምጽዋን በስም ብቻ የምናውቅ ትውልድ ነን።

ይሁን እንጂ ወንጌሉ «የገሊላ ባሕር» የሚለው ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ውኃው ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው። ዛሬም በዚያ «የቅዱስ ጴጥሮስ ዓሣ» እየተባለ የሚበላው ዓሣ የእኛው ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው። እንዲህ ከሆነ ትምህርቱን ፍለጋ ወደብ ድረስ መሄድ አያሻንም፤ ተከዜ አለልን።

በተከዜ ላይ የተሠራው ግድብ ከ180 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፥ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከበስተ ኋላው የተኛው ውኃ እስከ አበርገሌና ዝቋላ ቆላዎች ደርሷል። ከዚህ የተነሣ ሞፈር እንጂ መረብ ጨብጦ የማያውቀው የአካባቢው ወጣት ዓሣ አጥማጅ ሆነ። እኛም አራት ሆነን ዓርብ ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ወርደን አደርንና ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከውኃው ዳር ተገኘን።

ወደብ የሚባል ነገር የለም፤ ጀልባ የሚጠጋበት አንድ ጥቁር ቋጥኝ ነው። ጀልባዎቹ እስኪመለሱ መንጠቆ ተሰጥቶን በቋጥኙ ላይ ተቀመጥን። ያወጣነው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ስናላቅቀው ከእጃችን ሙልጭ ብሎ ገባ። ጴጥሮስ መንጠቆ እንዲጥል የታዘዘው በማቴዎስ 17 ነው፤ በሌላው ቦታ ሁሉ ሥራው በመረብ ነው። ምክንያቱ በዚያ ቋጥኝ ላይ ገባን፤ በመንጠቆ ቤተ ሰብ አይተዳደርም።

መረቡ ማታ ተጥሎ ያድርና ንጋት ላይ ይነሣል። ቀን ብርሃን ሲሆን ዓሣው ክሩን አይቶ ይሸሻል፤ በጨለማ ግን ሳያየው ይገባበታል። የእኅታችን ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። ዓሣውን ከመረቡ መፍታት፥ የተጠላለፈውን ሣር መልቀም፥ ማጠብ፥ የተቀደደውን መጠገን ግን ከማውጣቱ ይልቅ ረጅም ሥራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ሐዋርያትም ይህንኑ እጥበት ይዘው ነበር፤ ቀድሞ ያንን ቃል ስናነብ ዝም ብለን እናልፈው ነበር። አምባዛው ቅርፊት የለውምና ለብቻው ተቀመጠ፤ ማቴዎስ 13ን አስታውሰን ይጣላል ስንል፥ ገዢ አለው ተባልን።

በዚህ መካከል አንዲት ቆሮሶ ከመረቡ ስትላቀቅ፥ ገና ነፍስ ነበራትና አፏን ከፍታ ከማሽላ ፍሬ ያነሰ ቢጫ እንቁላል በአሸዋው ላይ ተፋች። ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ልጆቿም ጥቂት እስኪጠነክሩ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ። በዚያን ሰሞን እምብዛም አትመገብምና መንጠቆ አያገኛትም፤ የሚያገኛት መረብ ነው። የምትራባውም ጥልቅ ባልሆነው ዳርቻ፥ ማለትም ለአጥማጁ በሚቀርበው ሥፍራ ነው። የመረቡን ዓይን በጣታችን ለካነው፤ ሁለት ጣት አያስገባም።

ከእኛ አንዱ፥ «አያ፥ ይህችንስ ብትመልሳት?» አለው አጥማጁን።

«እኔ ብመልሳት ነገ የማዶው ያወጣታል፤ ለእኔ ልጆች ማን ይመልስልኛል?» አለና ከሌሎቹ ጋር ጨመራት።

እርሻው የነበረው መሬት ከውኃው በታች ነው። ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማችን ስም መጠራቱን ታውቃላችሁ፤ ዓሣ ደግሞ ሰውነት ገንቢ ምግብ ነው። እንግዲህ ለልጆቹ ያለውን ሰው እንዴት እንገሥጸው? ለዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ አዋጅ ግን ሌሊት ሐይቅ ዳር አያድርም። ዓይኑ ሰፊ መረብ ለመያዝ የወዲህና የማዶ አጥማጆች አብረው ካልተስማሙ፥ ቀድሞ የተወ ሰው ቀድሞ ይራባል። አያ የነገረን ይህንኑ ነው፤ እኛም መልስ አልነበረንም።

እኩለ ቀን ላይ ፍም ተደርጎ ዓሣ ተጠበሰልን። እንግዳ ናችሁ ተብሎ ትልልቁ ለእኛ ቀረበ፤ በላን። እርሷ ከመካከሉ ትኑር አትኑር አልጠየቅንም።

ለሚመጣው እሑድ ሉቃስ 5ን፥ ማቴዎስ 13ንና ዮሐንስ 21ን አንብባችሁ ኑ፤ ለአያም ምን ብለን ልንመልስለት ይገባን እንደ ነበር አስባችሁ።